ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ

የአጎቴን ስም እዚህ አልጽፈውም። ምስጢር ሆኖ አይደለም፤ በየትኛው ፊደል እንደምጽፈው እስከ ዛሬ መወሰን ስላቃተኝ ነው። ለአንድ አራሚ ይህ ትልቅ ውርደት ነው። ይገባኛል።

ማተሚያ ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት አራሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። የሚታተመው ሁሉ መጀመሪያ በእኔ ቀይ እስኪርብቶ ሥር ያልፋል፤ የመማሪያ መጽሐፍ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት፣ የኀዘን ምስጋና ካርድ። ንጉሡን ሠ በእሳቱ ሰ ለውጦ የሚጽፍ ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። ድምፃቸው አንድ ከሆነ ምን ቸገረህ የሚለኝን ሰው ደግሞ ጭራሽ አላናግረውም። የማተሚያ ማሽኑ ሠራተኛ «አራት ነጥብ» የሚል ቅጽል ስም ያወጣልኝ ለዚህ ነው፤ እኔ ከተናገርኩ በኋላ ነገር አይቀጥልም።

አንድ ጊዜ ባሏ የሞተባት ሴት የምስጋና ካርድ ልታሳትም መጥታ፣ ፊት ለፊቴ ቆማ እያለቀሰች፣ የሟቹን ስም አርሜባታለሁ። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ነው የፈረመው ብትለኝ፣ እንግዲያ ዕድሜውን ሙሉ ሲሳሳት ኖሯል አልኳት። የማሽኑ ሠራተኛ ይህን ሰምቶ፣ አንተ መርዶ ቢመጣብህም መጀመሪያ የምታየው ፊደሉን ነው ብሎ ሳቀብኝ። ሰው ሳያውቅ ትንቢት ይናገራል።

እናቴ ማንበብና መጻፍ አትችልም። አሥራ ሁለት ዓመቷ ሳለ ውጊያ ከቤታቸው ነቀላቸው። እናትና አባቷ ቀድመው ሞተው ነበርና የአራት ዓመት ወንድሟን ይዛ ከሚሸሸው ሰው ጋር ወጣች። መንገድ ላይ ሰው የሚጭን የጭነት መኪና ቆመ። እሷም ልጁን ብድግ አድርጋ ላይ ላሉት ሰዎች አቀበለችና፣ አጥር ሥር የተወችውን የልብስ ጥቅል ልታነሣ ዞረች። አሥራ አምስት እርምጃ ነው ትላለች። ስትመለስ መኪናው ተነሥቷል። ጥቅሉ ውስጥ የነበረው የልጁ ሹራብ ነው፤ እንዳይበርደው ብላ ነበር የተመለሰችው። አቧራው ውስጥ «እታለም! እታለም!» እያለ ሲጮኽ ሰምታዋለች። ስሟ እታለም አይደለም። ታላቅ እኅቱ ስለሆነች እንደዚያ ይጠራት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስድሳ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እናቴ ይህን ሁሉ ዘመን የሰው እጅ ስታይ ኖረች። የወንድሟን የግራ እጅ ትንሿን ጣት በር ቀርጥፏት ጫፏ የለችም ነበር። አውቶቡስ ውስጥ፣ ክሊኒክ ወረፋ ላይ፣ በእሱ ዕድሜ ያለ ወንድ ባየች ቁጥር ዓይኗ ፊቱን ትቶ እጁ ላይ ይወርዳል። ልጅ ሳለሁ አፍርባት ነበር። አንድ ቀን ጣቱ የጎደለ አናጺ ተከትለን ሦስት ፌርማታ አለፈን። የጎደለው የቀኝ እጁ ሆኖ ተገኘ፤ ወርደን በእግራችን ተመለስን።

የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ድርጅት በራሪ ወረቀት ሊያሳትም መጣ። ጉዳዩ የጠፋ ዘመድ ፍለጋ ነበር። ድርጅቱ የድሮ የሕፃናት ማሳደጊያዎችን መዝገብ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ፣ ስሞቹን በኮምፒውተር አስጽፎ፣ ማንም ሰው በኢንተርኔት ገብቶ እንዲፈልግ ድረ ገጽ ከፍቷል። ወረቀቱ አፈላለጉን ያስረዳል፤ ስም የት እንደሚጻፍ፣ የልደት ዓመት በግምት እንዴት እንደሚሞላ፣ ፈላጊ መልእክቱን የት እንደሚተው። ሳነበው መጀመሪያ የታየችኝ እናቴ ናት። ቢሆንም ሥራ ሥራ ነውና አረምኩት።

ጽሑፉ ከገጹ ሁለት መስመር ተርፎ ነበር፤ የሆነ ነገር መውጣት ነበረበት። መጨረሻ ላይ አንዲት ምክር አለች፤ «የአንድን ስም ልዩ ልዩ አጻጻፍ ይሞክሩ፤ መዝጋቢዎቹ የጻፉት እንደመሰላቸው ነው» ትላለች። እሷን በቀይ ሰረዝኳት። ኅዳጉ ላይም «ይህ ሰውን ስሕተት ማስተማር ነው። ስም አንድ ትክክለኛ አጻጻፍ ነው ያለው» ብዬ ጻፍኩ። ከድርጅቱ የመጣችው ሴትዮ ቸኩላ ነበርና አየት አድርጋ ፈረመችና ሄደች። ስምንት ሺህ ወረቀት ያለዚያች ምክር ታተመ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከእናቴ ጋር ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስልኬን ይዘን ተቀመጥን። እንግዳ የሚመጣባት ይመስል ፊቷን ታጥባ ፀጉሯን አበጥራለች። የአራት ዓመት ልጅ የአባቱን ስም አይናገርም ብዬ የእሱን ብቻ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ፊደል ጸሎቱ ጸ ነው፤ ቃሉ ከግዕዝ የመጣ ስለሆነ ክርክር የለውም። መፈለጊያውን ስነካው «ምንም አልተገኘም» አለ። ዓመቱን ወዲህም ወዲያም እያደረግሁ አራት አምስት ጊዜ ሞከርኩ። ያው ነው።

እናቴ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ «የጻፈው ሰው ተሳስቶ ጽፎት ቢሆንስ?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ስም አንድ አጻጻፍ ነው ያለው» አልኳት። «ቢኖር ይመጣ ነበር።»

አራት ነጥብ። ስልኩን አጠፋሁት። ሌላኛውን፣ ፀሐዩን ፀ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ልሞክረው አላልኩም። ጠፍቶኝ አይደለም፤ በቀን ሃያ ጊዜ ከሰው ጽሑፍ ላይ የምነቅለው ፊደል ነው። በገዛ ጣቴ ስሕተት መጻፍ አልሆንልህ አለኝ። ለእናቴ ስል እንኳ አልሆንልህ አለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ የሰው እጅ ማየት ተወች። አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። ብል የበላውን ሹራብም ከሣጥን አውጥታ የመስኮት መወልወያ አደረገችው። እኔ ሞኙ፣ ተጽናናች ብዬ ደስ አለኝ። ለካ የቀበረችው ያን ቅዳሜ ነው።

ባለፈው ወር ክፍላችን ቀለም ሊቀባ ስለሆነ መሳቢያዬን ባዶ እንዳደርግ ተነገረኝ። ከአሮጌ የማረሚያ ቅጂዎች መሐል ያ በራሪ ወረቀት ወጣ። ቀዩ ሰረዝ እንዳለ ነው፤ ኅዳጉ ላይ ያለው ጽሕፈቴም እንዳለ ነው። የሌላ ሰው ጽሑፍ እንደማነብ ሆኜ አነበብኩት፤ ጸሐፊውንም ጠላሁት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ የያዘውን ይዞ ሦስት ዓመት ጠብቆኛል፤ ሞኙም እዚያው አጠገቡ ተቀምጦ ነበር።

ቀለም ቀቢዎቹ ጠረጴዛዬን በላስቲክ እየሸፈኑ ሳለ ኮምፒውተሩን ወደ ጥግ ሳብኩና ስሙን በፀሐዩ ፀ ጻፍኩት።

አንድ ውጤት መጣ።

የመዝገቡ ገጽ ፎቶ ተከፈተ። የመዝጋቢው ጽሕፈት ያልቸኮለ፣ የሚያምር ጽሕፈት ነው። ስም፣ በፀሐዩ ፀ። የአባት ስም፣ አይታወቅም። የእናት ስም፣ እታለም። ዕድሜ፣ በግምት አራት። ምልክት፣ የግራ እጁ ትንሿ ጣት ጫፏ የለችም። የመጣበት ሁኔታ፣ በጭነት መኪና፣ ብቻውን። ልጁ እታለም እያለ ሲያለቅስ መዝጋቢው የእናቱ ስም መስሎታል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሕተት አይቼ ማረም አላሰኘኝም።

ከገጹ ሥር መልእክት ነበር። «እኅቴን እፈልጋለሁ። ትክክለኛ ስሟን አላውቀውም። እታለም ነበር የምላት። በሕይወት ካለች እኔም አለሁ» ይላል፤ ስልክ ቁጥርም አለው። ቀኑን ሁለት ጊዜ አየሁት። መልእክቱ የተጻፈው ከዚያ ቅዳሜ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። እኛ ወጥ ቤት ተቀምጠን ስንፈልግ እዚያው ነበር፤ ከአንድ ፊደል ጀርባ።

ደወልኩ። ሴት አነሣችና ማን ልበል አለች። የባለ መልእክቱ የእኅት ልጅ ነኝ አልኳት። ከጀርባዋ የስፌት መኪና ይሰማ ነበር፤ ቆመ። ልጁ ነኝ አለች። አባቷ ልብስ ሰፊ እንደነበረ፣ መኪናው አሁን ለእሷ እንደቀረ፣ እሱ በኩላሊት ሕመም ካረፈ አሥራ አራት ወር እንደሆነው ነገረችኝ። የሚኖሩበት ከእኛ የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ነው። በልቤ አሰላሁት፤ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሁለት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር እስኪቀረው ድረስ በሕይወት ነበር።

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እሑድ እሑድ ድረ ገጹን እንድትከፍትለት ይጠይቃት ነበር። ስሙን ማሳደጊያው ባስተማረው ፊደል አንድ በአንድ እየነገራት ያስጽፋትና መልስ መጣ ወይ ይላታል። የለም ስትለው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር የሚመልስላት።

«‹ምስኪን፣ የሚያነብላት ሰው አጥታ ይሆናል› ይለኝ ነበር» አለችኝ።

ስልኩን ስዘጋ የማሽኑ ሠራተኛ በር ላይ ቆሟል። ምን ሆንክ ሲለኝ መርዶ መጣብኝ አልኩት። ፊቴን አየና የድሮ ቀልዱን ሳይደግመው ወንበር አቀረበልኝ።

ወደ ቤት ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ ውሸት አዘጋጀሁ። መዝገቡ የወጣው በቅርቡ ነው፣ ያኔ አልነበረም እላታለሁ። ማን ያውቅብኛል? እሷ እንደሆነች አታነብም። ይህን ካሰብኩ በኋላ ግን በራሴ አፈርኩ። አለማንበቧን ታምኜ አንድ ጊዜ በድያታለሁ፤ አሁን ደግሞ ልደግመው ነው። ከፊቴ የተቀመጠ ሽማግሌ መቀመጫውን በሁለት እጁ ጨብጦ ነበር። ጣቶቹን ስቆጥር ራሴን አገኘሁት።

ቤት ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩና እንደተገኘ፣ እንደሞተም ነገርኳት። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት፤ በመሐል ደስ እንዲላት ጊዜ እንዳልሰጣት ብዬ። አላለቀሰችም። ምን ይሠራ ነበር አለችኝ፤ ነገርኳት። ስንት ወለደ አለችኝ፤ አንዲት ሴት አልኳት። መርፌ ሲይዝ ጣቱ አያስቸግረውም ነበር ወይ አለችኝ፤ አላውቅም አልኳት። መልእክቱን ቃል በቃል አነበብኩላት። «እታለም» የሚለው ላይ ስደርስ፣ የጠሯት ይመስል ቀና አለች።

ከዚያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ።

«ያኔ ስንፈልገው የት ነበር?»

«እዚያው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አጣነው?»

ሌላ መንገድ አልነበረኝም። የማረሚያ ቅጂውን ከኪሴ አውጥቼ ጀርባው ላይ ሁለቱን ፊደሎች በቀይ እስኪርብቶ አግዝፌ ጻፍኳቸው። እሱ የተጻፈው በዚህኛው ነው፣ እኔ የፈለግሁት በዚያኛው ነው አልኳት። ምክሩን የሰረዝኩት እኔ እንደሆንኩም ነገርኳት። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስዳ ብዙ አየችው።

«ይሄ ምን ይላል?» አለችኝ።

«ጸ።»

«ይሄኛውስ?»

«ፀ።»

ዓይኗን ጨፈነች። «እስቲ ድገምልኝ።»

ደገምኩት። እያፈራረቅሁ ሦስት አራት ጊዜ ደገምኩት፤ በመጨረሻ የትኛውን እያልኩ እንደሆነ ለእኔም ጠፋኝ።

«አንድ ነው» አለች።

«ሲጠራ አንድ ነው፣ እማዬ። የሚለየው ሲጻፍ ነው።»

«እኔ ስጠራው ነው የኖርኩት» አለችኝ። «የጻፍከው አንተ ነህ።»

ወረቀቱን መለሰችልኝና ተነሣች። ከመስኮቱ ሥር መወልወያውን አንሥታ በሳሙና አጠበችው፤ ሁለት ጊዜ አለቀለቀችው። ከዚያ ትንንሾቹን እጅጌዎች ግራና ቀኝ ዘርግታ ገመዱ ላይ አሰጣችው።