በሁለት ፎቅ መሀል የቆመው አሳንሰር

የክሊኒኩ አሳንሰር ሦስተኛውና አራተኛው ፎቅ መሀል እንደገና ቀጥ አለ። ጣሪያው ሥር ባለችው የሞተር ክፍል ውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ ያፈጠጠው ፕሮግራመር ግን በመናደድ ፈንታ ፈገግ አለ። ስህተቱን አግኝቶታል፤ ያለውም አለቃው በጻፈችው ኮድ ውስጥ ነው።

ይቺ አለቃው ከዓመታት በፊት፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ እሱ ኮድ መጠገን እንጂ መጻፍ አይሆንለትም ብላ ነበር። እሷ ረስታዋለች። የተማረ ሰው የተናገረውን ቶሎ ይረሳል። ቂሙ ግን ከሱ ጋር እየበላ፣ ከሱ ጋር እየተኛ እዚህ ደርሷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮዷ ሁለት ፖይንተር ይቀበላል፤ አንዱ የተደረሰበት ፎቅ የሚጻፍበትን የማስታወሻ ቦታ፣ ሌላው ፎቁ የሚነበብበትን ቦታ ይጠቁማል። ሁለቱ መቼም አንድ ቦታ አይጠቁሙም ብላ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ለሚተረጉመው ለኮምፓይለሩ ቃል ገብታለታለች። ኮምፓይለሩም ሥራ ለማፍጠን ሲል አንዴ ያነበበውን ቁጥር ይዞ ቁጭ ይላል፤ ዞር ብሎ አያይም። የሆነ ሰው ታዲያ ለሁለቱም ያንኑ አንድ ቦታ ሰጥቷል። አሳንሰሩ አራተኛ እየደረሰ አሁንም ሦስተኛ ያለ ይመስለዋል፤ ግራ ገብቶት ይቆማል።

አለቃው ደረጃውን በእግሯ ወጥታ እያለከለከች ገባች። አሳንሰሩን ሊፈትሽ የመጣው ተቆጣጣሪ ታች እየጠበቀ ነው። ፍተሻውን ዛሬ ካላለፉ ክሊኒኩ ሥራውን ለሌላ ድርጅት ሊሰጥ ነው።

"ተገኘ?"

"ተገኝቷል። ማን እንዳበላሸው ልይና እነግርሻለሁ።"

የኮዱን ታሪክ ከፈተ። አንዱን ቦታ ሁለቴ የሰጠው ራሱ ነበር።

መስመሩን ደግሞ አነበበው። ከዚያ ሳቁ አመለጠው።

"ምን ያስቅሃል? ሰውዬው ሊሄድ ኮቱን እየለበሰ እኮ ነው።"

"ቃል የገባሽው አንቺ፣ ያፈረስኩት እኔ።"

ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብላ አየችው።

"መግባቱንስ ገባሁ፤ ግን ላንተ መች ነገርኩህ?" አለችና እሷም ሳቀች። "ጉድ ነን እኮ።"

ቃሉን የያዘችውን አንዲት የኮድ ቁራጭ ሰረዘ። ፕሮግራሙ እንደገና ተጫነ። አሳንሰሩ ባዶውን ከታች እስከ ላይ ያለ ኮሽታ ወጣ፤ ወረደ፤ ደግሞ ወጣ። ታች የተሰበሰቡት የክሊኒኩ ሠራተኞች አጨበጨቡ። ሁለቱም እየተጋፉ ደረጃውን ወረዱ፤ እሱም ቂሙ የት ላይ እንደወደቀ አላስተዋለውም።

ተቆጣጣሪው መጀመሪያ ማን እንደሚሳፈር ጠየቀ። ያጨበጨቡት ሁሉ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

ፕሮግራመሩ ገባ። በሩ ሊዘጋ ሲል በእግሩ ያዘው።

"ግቢ እንጂ" አላት። "ከቆመም አብረን እንቆማለን።"