የሽቦና የጆንያ ትንፋሽ

አባቴና ታናሽ ወንድሙ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ ሠርተዋል። ሠራተኞቹ አባቴን ሽቦ፣ አጎቴን ጆንያ ይሏቸው ነበር፤ ስም ማውጣት ያውቁበታል። አመሻሽ ላይ ቅንድባቸው ሳይቀር ነጭ ሆኖ፣ አንዲት ሲጋራ ለሁለት ገምሰው እያጨሱ ይመጣሉ። የተገኘውን ሁሉ እኩል መካፈል ልማዳቸው ነው። ብርቱካን እንኳ ሲልጡ ፍሬዎቹን ይቆጥራሉ፤ ጎዶሎ ከሆነ ትርፏ ለእኔ ትደርሰኛለች። ያ ጊዜ እንዴት ይናፍቀኛል።

ሁለቱም ትንፋሽ ሲያጥራቸው የሰፈሩ ሰው ሁሉ አቧራው ነው ብሎ ደመደመ። እኔ ግን ሳላያቸው በድምፅ እለያቸው ነበር። አጎቴ ገና ከመንገዱ ማዶ በሳሉ ይታወቃል፤ ጠዋት ጠዋት አክታውን ጠርጎ እስኪጨርስ ቁርሱ ይቀዘቅዛል። ከንፈሩ ይጠቁራል፣ እግሩ ያብጣል። አባቴ እምብዛም አይስልም። እሱ ደረጃ በወጣ ቁጥር ቆም ብሎ፣ ከንፈሩን አሞጥሙጦ አየሩን ቀስ ብሎ ያስወጣል። መጀመሪያ ሰሞን ሊያፏጭ እየመሰለኝ እጠብቅ ነበር።

ጡረታ ወጥተው እኔ ቤት አንድ ክፍል ውስጥ መኖር ከጀመሩ በኋላ የሳንባ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሟ የሁለቱን ራጅ ጎን ለጎን ሰቅላ፣ የበሽታው ስም አንድ ቢሆንም ሳንባቸው ለየቅል መሆኑን አስረዳችን። የአባቴ የአየር ከረጢቶች ተበጣጥሰው የገባው አየር አልወጣ ይላል፤ ደረቱ የተነፋው ለዚህ ነው። የአጎቴ ደግሞ የአየር ቧንቧዎቹ አብጠው በአክታ ተሞልተዋል፤ ሰውነቱም የተቃጠለውን አየር ማስወጣት ስላቃተው በትንሽ ኦክስጅን መኖር ለምዷል። ስለዚህ ለየራሳቸው የኦክስጅን ሲሊንደር፣ የአባቴ ሁለት ቁጥር ላይ፣ የአጎቴ አንድ ቁጥር ላይ እንዲከፈት አዘዘች።

"የእሳቸው ከአንድ እንዳያልፍ። ከበዛ ያደነዝዛቸዋል፣ ትንፋሻቸውንም ያደክመዋል" አለች ወደ አጎቴ እያመለከተች፤ ሁለቴ ደገመችው።

ይህ ነገር ለአባቴ አልዋጥለት አለ። ቤት እንደገባን ማጉረምረም ጀመረ፤ ከንፈሩ የጠቆረው እሱ፣ ያነሰው የእሱ፣ ምን ዓይነት ፍርድ ነው ይላል። ላስረዳው ብል፣ ከመቼ ወዲህ ዶክተር ሆንሽ ብሎ አፌን አስያዘኝ። ግትርነቱን ወርሻለሁና እኔም ተናድጄ ተውኩት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ መተዌ ነው።

አንድ ከሰዓት ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። ስመለስ አባቴ ነይ እዪው ብሎ ጠራኝ። የአጎቴ ፊት ቀልቷል፣ ከንፈሩም የድሮው ከንፈር ሆኗል። አለቃቸውን ዱቄት ክምር ውስጥ የከተቱበትን ቀን እያነሱ ይስቃሉ። አባቴ ይስቃል፣ ያርፋል፣ ያሞጠሙጣል፣ ደግሞ ይስቃል። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ዘመን የለውም፤ ደስ ብሎኝ ምንም ሳልጠይቅ ወጥ ቤት ገባሁ። ቆየት ብሎ አጎቴን እንቅልፍ ወሰደው። ሳሉ ጠፋ፤ እኔም እሰይ፣ አረፈ አልኩ።

ጸጥታው ያስደነገጠው አባቴን ነው። ቢጠራው፣ ቢወዘውዘው አልነቃ አለ። ጩኸቱን ሰምቼ ስሮጥ የአጎቴ ሲሊንደር አምስት ቁጥር ላይ ነበር። አባቴ ሳልጠይቀው "እኔ ነኝ" አለ። ወደ አንድ መልሼ አምቡላንስ ጠራሁ።

አጎቴ ሁለት ቀን ትንፋሽ የሚያግዝ ማሽን ጭምብል ፊቱ ላይ ታስሮ ቆየ። አባቴ አጠገቡ ካለው ወንበር አልነሳም አለ፤ ምግብም አልቀመሰ። በሦስተኛው ቀን ጭምብሉ ሲወልቅ አጎቴ ከልቡ ስሎ ዓይኑን ገለጠ። ከንፈሩ እንደገና ጠቁሯል። አባቴ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን የጨመረው እሱ መሆኑን ነገረው፣ ይቅርታም ጠየቀው።

"ስትጨምረው አይቼሃለሁ እኮ፣ ጋሼ" አለ አጎቴ።

"ሐኪሟ ያለችውንስ አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ። ያልሰማኸው አንተ ነህ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልክ?"

አጎቴ ትንፋሹን ሰበሰበ። "ፊቴ ሲቀላ አይተህ ደስ አለህ። እንደዚያ ከሳቅን ስንት ዓመታችን ነው? እንዴት ላቋርጥህ?"

አባቴ የወንድሙን ያበጠ እግር በሁለት እጁ ይዞ ማልቀስ ጀመረ፤ ወዲያው ግን ትንፋሽ አጠረውና አቆመ። ለማልቀስ እንኳ የሚበቃ ትንፋሽ አልነበረውም፤ የቀረውን እኔ አለቀስኩለት።