የወጌሻው እጅ

"ቀኑ ደርሶ ነው እንጂ ጣፊያ ሰው አይገድልም" አለ ፈንታው፣ ከድንኳኑ ራስጌ ተቀምጦ ሁለተኛ ሰሃን ንፍሮ እየዘገነ።

ወሰንየለሽ ፍራሿ ላይ ሆና ጣቶቹን አየቻቸው። ባሏን ከቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ እነዚያ ጣቶች ግን ዛሬም ቅቤ ቅቤ የሚሸቱ ይመስላታል። የቴፒ ሰው "ወጌሻው" እያለ ያከብረዋል። ወለምታ ሲያወጣ ጎበዝ ነው፣ ማን ይክደዋል። ሆድንም አጥንት መስሎት ነው እንጂ።

ከወር በፊት ሚዛን ሐኪም ቤት፣ ወጣቷ ሐኪም የባሏን የባዘዘውን ግራ ጎን ከጎድኑ በታች ዳብሳ፣ በአልትራሳውንድም አይታ ነግራቸው ነበር።

"ወባ ሲመላለስብህ ጣፊያህን አሳብጦታል። መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ውሰድ። ኬሻ መሸከም ይቅርብህ። ሆድህን ደግሞ ማንም እንዳያሽህ፤ ጣፊያህ ውስጥ ለውስጥ ሊፈነዳ ይችላል።"

ፈንታው ይህን ሲሰማ ሳቀ። "እኔ እያለሁ ወንድሜን በክኒን?"

ባዘዘው እምቢ ማለት አያውቅበትም፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቡና ተሸክሞ የኖረውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ከአራት ቀን በፊትም "ታላቄ ነው፣ ወስኔ፣ ምን ልበለው?" ብሎ ሸሚዙን ገለጠ። ፈንታው ቅቤ ቀብቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲጫነው እግሩን የያዘችው እሷ ነበረች። ባዘዘው ሳይመሽ ገርጥቶ፣ ላብ አጥምቆት ሞተ። ፈንታውን ትንቀዋለች። ያን ቀን አፏን የዘጋችውን ራሷን ግን አብልጣ ትንቃታለች።

ጎረቤቷ ሐፍሳ ትንሿን ልጇን አዝላ ለቅሶ ልትደርስ ገባች። ልጅቷ ስትወርድ ሆዷ ቀሚሷን ወጥሮታል።

"እሷንም ይኸው ወባው አልለቃት አለ" አለች ሐፍሳ።

ፈንታው እጁን በጋቢው ጠረገ። "አምጫት እስቲ። በአንድ እሽታ ነው የማስተካክላት።"

ለቀስተኛው በአክብሮት መንገድ ለቀቀላት፤ ሐፍሳም ልጇን ይዛ ወደ እሱ ተነሣች።

"እንዳትነካት" አለች ወሰንየለሽ።

ሐፍሳ ካለችበት ቆመች።

"ሐዘኑ ነው የሚያናግራት" አለ ፈንታው ለሰዉ።

"ባሌን የገደልከው በዚሁ እጅህ ነው። እኔም እግሩን ይዤልሃለሁ።" ወደ ሐፍሳ ዞረች። "ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት እንወስዳታለን። አብሬሽ እሄዳለሁ።"

"ሐዘን ላይ ተቀምጠሽ?"

ወሰንየለሽ ከፍራሹ ተነሥታ፣ ለሐዘን ያዘቀዘቀችውን ነጠላ ከትከሻዋ አወረደችና በልጅቷ ሆድ ላይ ጠመጠመችው፣ እንዳይጫናት ሳታጠብቅ።