ችሎቱ የት ይሰየም?

"ኧረ እባክህ፣ ያንን ሙዚቃ እንዳትለቅብኝ!" አለች ሎሬይን፤ ሙዚቃው ግን ጀመረ። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል አጣብቃ ፊት ለፊቷ የተቀመጡትን ሴትዮ አየቻቸው። ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ታይሰን ካፖርታቸውን እንኳ አላወለቁም። ቢሮው ከተከፈተ ጀምሮ እዚያች ወንበር ላይ ናቸው፤ መልስ ሳያገኙ እንደማይነሱም ለጥበቃው ነግረውታል።

"ምን አሉሽ?"

"ጠብቂ አሉኝ።"

"መጠበቅማ እየጠበቅን ነው" አሉ ወይዘሮ ታይሰን። "መጠበቅ የቀረለት አልፍ ብቻ ነው።"

አልፍ ባላቸው ነው። ሃርስዌት ወደብ ጀልባ የሚጠገንበት ግቢ ውስጥ ከመሰላል ወድቆ ሞተ። በስልሳ አራት ዓመቱ፣ በዝናብ፣ ብቻውን። እንዲህ ያለ ሞት መርማሪ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ምስክር ተሰምቶ፣ ሰውየው እንዴት እንደሞተ ይወሰናል። ድሮ ይኼ ሁሉ እዚሁ ማዘጋጃ ቤት ፎቅ ላይ ያልቅ ነበር። ከዚያ ማሻሻያ የሚሉት ነገር መጣ። ሦስት አካባቢዎች ወደ አንድ ተጠቃለሉ፤ ዳኛዋም ሰባ ኪሎ ሜትር ርቀው ዋናው ከተማ ተቀመጡ። ሃርስዌት ታዲያ ምን ቀረው? ገንዘብ ማዋጣት ብቻ! ቀን ልቁረጥ፣ ቦታ ልምረጥ ቢል "አይመለከትህም" ነው መልሱ። ሐዘንተኛው ግን የሚጮኸው ማን ላይ ነው? ሎሬይን ፖስትልዌት ላይ ነዋ። የማዘጋጃ ቤቱ የሐዘንተኞች ጉዳይ ክፍል ማለት እሷ ናት፤ ሌላ ሠራተኛ የለውም።

የአልፍ ጉዳይ የተቀጠረው ሐሙስ ጠዋት፣ ዋናው ከተማ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወይዘሮ ታይሰን ኩላሊታቸው የሚታጠብበት ቀን ነው። እዚያ ደርሰው፣ ሰምተው፣ ለሆስፒታሉ ሰዓት አይመለሱም። ኩላሊት ደግሞ ይቅርታ አያውቅም። ሌላ ቀን ቢባል ደግሞ የሚቀጥለው ክፍት ቀን ከስምንት ወር በኋላ ነው።

"በስክሪን መከታተል ይችላሉ ብለዋል እኮ" አለች ሎሬይን፤ ቃሉ ከአፏ እንደወጣ አፈረች።

"በስክሪን!" ሴትዮዋ ሳቁ፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። "ስሚኝ ልጄ፣ ያን አለቃውን ዴንዝልን አንድ ነገር ነው የምጠይቀው። 'እርጥብ መሰላል ላይ ለምን ብቻውን ሰደድከው?' ነው የምለው። ዓይን ዓይኑን እያየሁ። በስክሪን ብጠይቀው ጫማውን እያየ ይመልስልኛል፤ እኔም መላጣውን አይቼ ልቀር ነው።"

ሙዚቃው ተቋረጠ። የዳኛዋ ረዳት ኦወን ነበር።

"ሎሬይን፣ ዳኛዋ ችግር የለባቸውም። ሃርስዌት መጥቼ እሰማለሁ ብለዋል።"

"ተመስገን!"

"ቆይ፣ አትቸኩዪ። ክፍል ማዘጋጀት የዋናው ከተማ ማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው። እነሱ ደግሞ 'ሕንፃው የኛ ስላልሆነ ማዘዝ አንችልም' አሉ። እናንተ ፍቀዱ። ምስክሮቹን ቶሎ ማሳወቅ ስላለብኝ ከምሳ በፊት መልስ እፈልጋለሁ።"

ሎሬይን ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። አለቃዋ ክሬግ ሆልሮይድ ሳንድዊቹን ገና መግመጡ ነበር።

"በጭራሽ" አለ፣ ሳትጨርስ። "ከተጠቃለልን ወዲህ ችሎት ማዘጋጀት የኛ ግዴታ አይደለም።"

"ግዴታ ነው አላልኩህም። ክፍሉን ክፈትልኝ ነው ያልኩህ።"

"የድሮው የችሎት ክፍል የሰርግ አዳራሽ ሆኗል።"

"ሐሙስ ሰርግ አለ?"

"የለም።"

"ታዲያስ?"

"መርሕ ነው፣ ሎሬይን! ዛሬ ለአንድ ሰው ከከፈትን ነገ ሁሉም እዚሁ ይሁንልኝ ይላል። ያኔ ለዋናው ከተማም እየከፈልን፣ እዚህም ሌላ ወጪ ሊሆንብን ነው። ለሕግ ክፍል ጻፊላቸው፤ በሁለት ሳምንት ይመልሳሉ።"

"ቀጠሮው እኮ ከነገ ወዲያ ነው!"

"እና እኔ ምን ላድርግ? ጉዳዩ የኛ እንዳልሆነ በትሕትና አስረጃቸው። ያለ ፈቃድ ብትከፍቺ ደግሞ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ፤ አልተነገረኝም እንዳትዪ።"

በትሕትና ማስረዳት! ሎሬይን ደሟ ፈላ። ባለፈው ዓመት ስንቱን በትሕትና አስረድታ ሸኝታለች፤ ሁሉም አመስግነዋት ነው የሄዱት፤ እሱ ነው የሚያንገበግባት። ወደ ቢሮዋ ከመመለሷ በፊት አዳራሹን ከፈተችው። የምስክሮች ጠረጴዛ በነበረበት ቦታ ላይ የፕላስቲክ አበባ የተጠመጠመበት ነጭ ቅስት ቆሟል። በእጇ ገፋ አደረገችው። ቀላል ነው፣ ይንቀሳቀሳል። ወደ ጥግ ቢሄድ ለዳኛዋም ለምስክሮቹም ቦታ ይበቃል። ከዚህ እስከ ሆስፒታሉ ደግሞ አንድ መንገድ መሻገር ብቻ ነው።

ስትመለስ ወይዘሮ ታይሰን እንዳሉ ናቸው። ፊቷን አይተው ቦርሳቸውን አነሡ።

"አልተፈቀደም፣ አይደል?"

"ይቀመጡ" አለች ሎሬይን፤ ድምፅዋ እንደ ቁጣ ወጣ። የተቆጣችው ግን እሳቸውን አልነበረም። ስልኩን አንስታ ቁጥሩን መታች። ዛሬ ሙዚቃ ያልለቀቁባት ይኼኔ ብቻ ነው።

"ኦወን፣ ክፍሉ አለ። ሐሙስ ጠዋት። ዳኛዋ ይምጡ።"

"ጎበዝ! ማን ፈቀደ ልበል?"

"ምን?"

"የፈቀደው ሰው ስም። ስም ካልጻፍኩ አይመጡም፤ ነገ ጥያቄ ቢነሣ የሚጠየቀው እሱ ነው።"

ክሬግ ተከትሏት ወርዶ በሩ ላይ ቆሟል። ሰምቷል። ጣቱን ከፍ አድርጎ 'እንዳታደርጊው' አላት። ወይዘሮ ታይሰን አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን እያዩ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ ጨብጠው ይዘዋል።

"ሎሬይን?" አለ ኦወን። "አለሽ?"

"ፖስትልዌት" አለች፣ ዓይኗን ከክሬግ ሳትነቅል። "ሎሬይን ፖስትልዌት። ረጅም ነው፣ ቀስ ብለህ ጻፍ።"