አቧራውን አትንኪ

አዳነች ጅቡቲ ከተማ፣ ሄሮን በሚባለው የፈረንጆች ሰፈር፣ ማዳም ኦዲል ቤት በሠራተኝነት ከገባች ሦስት ዓመት ሆኗታል። በሦስቱም ዓመት ፈጣሪዋን የለመነችው አንድ ነገር ነው። ባል አይደለም። ወርቅም አይደለም። ክሊም። ጅቡቲ ያለ ሰው የአየር ማቀዝቀዣን ክሊም ነው የሚለው፤ ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ስሙን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እሷ የምትተኛው ጣራ ላይ በተቀለሰች ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ያለው ቬንቲላተር ሥራው ትኩሱን አየር ከአንዱ ጥግ አንስቶ ሌላው ጥግ ማድረስ ነው። ከጣራው በታች ደግሞ፣ ልክ በአልጋዋ ትይዩ፣ ማዳም «አቴልየ» የሚሉት የሥዕል መሥሪያ ክፍል አለ። ክሊም አለው፣ የሚተኛበት ግን የለም። ውስጡ ያለው አንድ ጥቁር ጠረጴዛና የማዳም ሠዓሊነት ብቻ ነው።

ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት፣ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ ማዳም እንደ ልማዳቸው ሙቀቱን ሸሽተው ወደ አገራቸው ሊሄዱ ሲሉ አዳነችን ወደ አቴልየው ጠሯት። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የተተከለች ትንሽ ካሜራ አሳዩአት። የሚጫኑትን ቁልፍ አሳዩአት። አንድ ወረቀት ሰጧት። ከዚያም ፈረንሳይኛውን፣ አረብኛውንና የእጅ ምልክቱን ቀላቅለው (ሦስት ዓመት ሙሉ የተግባቡት እንዲሁ ነው) «አርባ ቀን ወረቀቱ እንደሚለው ካደረግሽ፣ ስመለስ ይህ ክፍል ያንቺ ነው፤ ከነክሊሙ» አሏት።

አዳነች ወረቀቱን ይዛ ካርቲየ ሰባት ወደሚባለው ሰፈር በረረች። ረምዚ እዚያ በሐረሪ ቤተሰቦቹ ሱቅ ውስጥ ሩዝና ሻምፑ ይሸጣል። ፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ስለተማረ የአገሩን ልጆች ደብዳቤ ሁሉ የሚያነበው እሱ ነው። የዕለቱ ጫት ገና ስላልገባ ትንሽ ቁጡ ነበር።

«አንድ፤ ካሜራውን ከቦታው አታንቀሳቅሺ» ብሎ ጀመረ። «ሁለት፤ መስኮቱ ስንዝር ያህል ክፍት ይሁን፣ ክሊሙ ይጥፋ። ሦስት፤ ጠረጴዛውን አትወልውዪ።» ቀና አለ። «አትወልውዪ ነው የሚለው።»

«በደንብ አንብበው እስቲ።»

«አቦ፣ እያነበብኩ እኮ ነው! አትወልውዪ። አራት፤ በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ላይ ያረፈውን አቧራ አንድ ፎቶ አንሺ። አምስት፤ ያምራል አያምርም ብለሽ አታስቢ። ስድስት፤ የሆነ ነገር ቢፈጠር አታስተካክዪ፤ የሆነውን አንሺ።»

«አቧራ?»

«አቧራ።»

«አርባ ቀን?»

«አንቺ፣ ይቺ ሴትዮ ጤነኛ ናት?»

«ሠዓሊ ናቸው» አለች አዳነች።

«አሃ» አለ ረምዚና ወረቀቱን አጥፎ መለሰላት።

ካምሲን የሚባለው የበረሃ ነፋስ የዚያን ዓመት ለማዳም የተላከ ይመስል ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛው ደበዘዘ። በዘጠነኛው ቀን ስም ሊጻፍበት ይችል ነበር። በሃያኛው ቀን ጥቁር መሆኑን የሚያውቁት አዳነችና ፈጣሪ ብቻ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ካሜራዋን ስትጫን የግራ እጇ ብቻውን ወደ መወልወያ ጨርቁ ይሄዳል፤ በቀኝ እጇ ይዛ ትመልሰዋለች። ብሶቷን የምትወጣው በቀረው ቤት ላይ ነው። የአቴልየውን የበር እጀታ ብቻ በቀን አራት ጊዜ ትወለውላለች፤ ከውጭ በኩል።

ደግሞ በሩን ትቆልፈዋለች። ሄሮን ውስጥ የሠራተኛ ስም የሚጠፋው በስርቆት አይደለም፣ በአቧራ ነው። የጎረቤት ቪላ ሠራተኛ የሆነችው ሙኒራ አንድ ጊዜ ብታይ፣ በነጋታው ወሬው የድሬዳዋ ባቡር ላይ ይሳፈራል። ልንገራት ብትልስ ምን ብላ ትነግራታለች? «ማዳም አቧራ ጠብቂልኝ ብለውኝ» ልትል ነው?

በሠላሳ አንደኛው ቀን ጠዋት ፎቶዋን አንስታ፣ ሽንኩርት አልቆ ስለነበር ወደ ረምዚ ሱቅ እየሮጠች ወጣች። መቆለፉን ረሳችው።

ስትመለስ ሙኒራ ሳሎን መሐል እጅጌዋን ሰብስባ፣ ላቧ እየተንጠፈጠፈ ቆማለች። የሁለቱ ቤት ሠራተኞች ለክፉ ቀን ብለው የወጥ ቤት ቁልፍ ይለዋወጣሉ፤ ሙኒራ በረዶ ልታቀብል ገብታ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ታመሽ ነበር እንዴ?» አለች። «ለምን አልነገርሽኝም? እህትሽ እያለሁ!»

«ምን... ምን ሆነ?»

«ዝም በይ፣ ማንም አላየም። ወላሂ ለማንም አልተነፍስም። በሳሙና፣ ከዚያ በኮምጣጤ፣ ከዚያ በዘይት አሸሁት። ፊትሽን ታዪበታለሽ።»

አዳነች ሮጣ ገባች። እውነትም ፊቷን አየችበት። አፏ ተከፍቶ ነበር።

የሆነውን ሁሉ ስትነግራት ሙኒራ መሬት ላይ ዘፍ አለች። «አቧራ? ለአቧራ ክሊም? እኔ የእኔዎቹ ፈረንጆች ቤት ስንት አቧራ በከንቱ ጠርጌ ጥያለሁ!»

ረምዚ ዘንድ ተደወለ። «ቁጥር ስድስት» አለ ረምዚ፤ አሁን ጫቱ ገብቶለታል፣ ድምፁ እንደ ዳኛ ረጋ ብሏል። «የሆነ ነገር ቢፈጠር የሆነውን አንሺ ይላል።»

«ንፋስ ወይ ድመት ነው እንጂ ሙኒራ አይልም!» ብላ አዳነች ዘጋችበት።

እስከ ነገ አንድ ሰዓት የሠላሳ አንድ ቀን አቧራ መገኘት ነበረበት። ከፍሪጁ ሥር የወጣው ቅባትና ፀጉር ያለው ሆነ። ከጣራው ላይ የተጠረገው አሸዋ ነው፣ ይንከባለላል። ሙኒራ ካርቲየ ሰባት ቢስ የሚባለው ሰፈር ድረስ ሄዳ አንድ ፌስታል ሞልታ ብታመጣ የቴምር ፍሬ ተገኘበት። ካሜራዋ ላይ ያለውን የጠዋቱን ፎቶ ደጋግመው አዩ፤ ለስላሳ፣ ደብዘዝ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ።

«ይሄንን ቀለም የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ» አለች ሙኒራ።

ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ወጥ ቤት አዞሩ።

ከአገር ቤት፣ ከኮምቦልቻ የተላከ ምጥን ሽሮ ነበር። አዳነች ወንበር ላይ ወጥታ ሽሮውን በወንፊት ስትነፋ፣ ሙኒራ ከታች ሆና ታዛለች። «ከግራ! ነፋሱ የሚገባው በግራ ነው! ቀስ... ሠርግ አይደለም እኮ፣ አታብዢው!» በነጋታው ጠዋት በአንድ ሰዓት የተነሳው ፎቶ ከቀደሙት ጋር ሲተያይ ማንም አይለየውም ነበር። ክፍሉ ብቻ ትንሽ ምግብ ቤት ምግብ ቤት ይላል።

በሠላሳ አራተኛው ቀን ጉንዳኖቹ መጡ።

በመስኮቱ ስንዝር ክፍተት ገብተው፣ ሽሮዋን እየጫኑ፣ ጋላፊ ድንበር ላይ እንደተሰለፉ ከባድ መኪኖች ተከታትለው ይወጣሉ። መንገድ ቀየሱ፣ መንገዱን አሰፉ፣ አደባባይ አወጡ። አዳነች ናፍጣ ልታርከፈክፍ ጠርሙሱን ካነሳች በኋላ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚህ በላይ ምን ልታስተካክል ነው? ካሜራዋን ተጫነች። እስከ አርባኛው ቀን ድረስ ዝም ብላ ተጫነች።

ማዳም ሲመለሱ ሻንጣቸውን እንኳ ሳይፈቱ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ዘረጉ። አዳነች ከኋላቸው ቆማ የልቧን ምት ትቆጥራለች። አሥረኛው ላይ «ጥሩ» አሉ። ሃያኛው ላይ አዛጉ። ሠላሳ አራተኛው ላይ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

መዋሸት ይቻል ነበር። ጉንዳን ነው ብሎ ማለፍ። ግን ጥያቄው በቀጥታ ወደ ክሊሙ የሚሄድ መሰላት።

«ሽሮ ነው፣ ማዳም» አለች። ወንበሩንም፣ ወንፊቱንም፣ ኮምጣጤውንም ተናገረች። ሙኒራን ግን «አንድ ሰው» ብላ አለፈቻት።

ማዳም ወደ ጠረጴዛው ሄደው ከጉንዳኖቹ በተረፈው ሽሮ ጣታቸውን ነከሩና ላሱ። «ቁጥር ሦስትን አፍርሰሻል» አሉ። «ቁጥር ስድስትን አፍርሰሻል። ክፍሉን ላንቺ የምሰጥበት ምክንያት የለም።»

አዳነች ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ግን እኔ ያዘዝኩት ሠላሳ አንዱ ፎቶ ያስተኛል» ብለው ቀጠሉ። «አንቺ ያበላሸሽው ነው ሥራው። ስለዚህ እንገልብጠው። ትእዛዙን አንቺ ስጪ፤ እኔ አርባ ቀን አነሳለሁ። ምንም አላስተካክልም።»

«እኔ ያልኩትን ሁሉ?»

«ሁሉንም።»

አዳነች አንድ ቀን አስቢበት አላስባለችም። እዚያው በዚያው ካርቲየ ሰባት ሄዳ ረምዚን በፈረንሳይኛ አጻፈችው። አንድ፤ መስኮቱ ይዘጋ። ሁለት፤ ክሊሙ ይከፈት። ሦስት፤ ጠረጴዛው ወጥቶ አልጋ ይግባ፣ አዳነች ትተኛበት። አራት፤ በየቀኑ ጠዋት፣ ከሦስት ሰዓት በፊት ማንም ሳይገባ፣ የተኛችው አዳነች አንድ ፎቶ ትነሳ። አምስት፤ ያምራል አያምርም አይባልም። ረምዚ እየጻፈ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ሁለት ወረቀት አበላሸ።

በመጀመሪያው ቀን፣ ልክ በሦስት ሰዓት፣ ማዳም ኦዲል ጫማቸውን አውልቀው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ካሜራዋን እንደ እንቁላል አቅፈው በጣቶቻቸው ጫፍ ገቡ። አዳነች እስከ አገጯ በብርድ ልብስ ተጠቅልላለች። ጅቡቲ ውስጥ፣ በነሐሴ፣ ብርድ ልብስ! ማዳም አነጣጠሩ።

«ማዳም» አለች አዳነች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«እ?»

«በሩን። ብርዱ እየወጣ ነው።»