የሲስተር የትናየት ኪሮሽ

ሲስተር የትናየት በስብሰባ መሃል ኪሮሿን አውጥታ ዳንቴል መሥራት ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። እስከዚያች መጋቢት ድረስ ግን ማንም ምንም ብሏት አያውቅም ነበር። ጋምቤላ ከተማ ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ አዋላጅ ነርስ ናት። ተወልዳ ያደገችው ጎሬ ነው፤ ከዚያ ከዝናብና ከጭጋግ አገር ወርዳ እዚህ ሙቀት ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ኖራለች።

ሰኞ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው ሁሉ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አዳራሽ ይሰበሰባል። ስብሰባው ሦስት ሰዓት የሚፈጅበት ጊዜ አለ። መብራት ሲጠፋ ቬንትሌተሩ ይቆማል፤ ግማሹ ሰው በያዘው ወረቀት እያራገበ፣ ግማሹ ስልኩን እየነካካ፣ የቀረው ደግሞ ቁጭ ብሎ እያንቀላፋ ያሳልፈዋል። የትናየት ከኋላ ሁለተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጥግ ትቀመጥና ነጩን ክር ጭኗ ላይ አድርጋ ትሠራለች። የሚንቀሳቀሱት ጣቶቿ ብቻ ናቸው። ዓይኗም ጆሮዋም ተናጋሪው ላይ ነው።

ነገሩ ሲጀመር ለጨዋታ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ወላድ እጇ ላይ ሞታባታለች። ሴትዮዋ ከሩቅ ቀበሌ ዘግይታ የመጣች፣ ብዙ ደም የፈሰሳት ነበረች። ጥፋቱ የየትናየት እንዳልሆነ ጉዳዩን ያጣሩት ሰዎች ጽፈው ፈርመዋል። ይሁን እንጂ ከዚያን ቀን ወዲህ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሻይ ስትቀዳ ይንቀጠቀጣል፤ ስትፈርም ይንቀጠቀጣል። ማዋለጃ ክፍል ስትገባ ለጊዜው ቀጥ ይልላትና ስትወጣ ይብስባታል። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። አዋላጅ «እጄ ይንቀጠቀጣል» ብላ ለማን ትናገራለች?

ሳይነገራት ያወቀችው ግሬስ ብቻ ናት። ግሬስ ካርድ ክፍል የምትሠራ፣ ቤተሰቧ ከደቡብ ሱዳን በኩል መጥቶ ጋምቤላ የቀረ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ከሁሉ ቁመቷ ጎልቶ የሚታይ ሴት ናት። ምሳ ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጣ ሚላያ ትጠልፋለች። ሚላያ ከቤተሰቧ ሴቶች የተማረችው፣ አንሶላ ላይ በቀለም ክር አበባና ወፍ የሚጠለፍበት ሥራ ነው። አንድ ቀን የትናየት አጠገቧ ቁጭ ብላ የያዘችው ብርጭቆ ሲንቀጠቀጥ ግሬስ አየችና ምንም ሳትጠይቅ መርፌዋን አቀበለቻት።

«ያዢ» አለቻት። «እኔ እናቴ ስትሞት ይኼን ያዝኩ። እጅ ሥራ ሲያገኝ፣ ራስ ዝም ይላል።»

ጥልፉ ለየትናየት አልሆነላትም። ኪሮሽ ግን በልጅነቷ ትምህርት ቤት፣ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ተምራ ነበርና በማግስቱ ገበያ ወርዳ አንድ ኪሮሽና አንድ ጥቅል ክር ገዛች። መጀመሪያ የሠራችው የብርጭቆ ማስቀመጫ አንድ ጎኑ ጎብጦ የተረገጠ ቆብ መሰለ። ፈታችና እንደገና ጀመረች። እንደገና ፈታች። በሳምንቱ ዙሩ ገጠመላት። ሁለት ወር ሳይሞላ እጇ መንቀጥቀጡን ተወ።

ከዚያ በኋላ ለምን እንደጀመረችው ራሱ ተረሳት። ክሩ በጠቋሚ ጣቷ ላይ ሲሮጥ፣ ቀለበት በቀለበት ሲገባ፣ ምንም ያልነበረበት ቦታ ላይ ቅጠል ሲወጣ ደስ ይላታል። ደክሟት ስትገባም፣ ተናዳ ስትውልም፣ አንዲት መስመር ከሠራች መንፈሷ ይረጋል። የሠራችውን አንዳንዱን ታስቀምጠዋለች፤ አንዳንዱን ለወለደች ትሰጣለች፤ አንዳንዱንም እንደገና ልትሠራው ትፈታዋለች።

አቶ ተሰማ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሆነው የመጡት በጥቅምት ነበር። ክፉ ሰው አይደሉም። ጠዋት ከጥበቃው ቀጥሎ ግቢ የሚገቡት እሳቸው ናቸው፤ የታመመ ሠራተኛ ቤቱ ድረስ ሄደው ይጠይቃሉ። አንድ ነገር ግን አይወዱም፤ እሳቸው ሲናገሩ ሰው ሌላ ነገር ሲሠራ ማየት። ስልክ ለሚነካካው «ምናልባት የሥራ ጉዳይ ይሆናል» ብለው ያልፉታል፤ የሚያንቀላፋውንም «ትናንት ተረኛ ነበር» ብለው ይተዉታል። ለዳንቴል ግን ምክንያት አጡለት።

የሩብ ዓመቱ ግምገማ የደረሰው በመጋቢት መጨረሻ፣ ባሮ ጎድሎ አሸዋው በሚታይበት፣ የአዳራሹ ቆርቆሮ ከላይ እየጠበሰ ሰው ሁሉ በሙቀት በተጨነቀበት ሰሞን ነበር። የእያንዳንዱ ሰው ስም ይጠራል፤ ጠንካራና ደካማ ጎኑ ይነገራል፤ ተነስቶ ግለ ሂስ ያደርጋል፤ ያበቃል። ፋርማሲስቱ ኩን በማርፈዱ ተነሳና «አጥፍቻለሁ፣ አርማለሁ» ብሎ ተቀመጠ። ከእሱ ቀጥለው ሁለት ሰዎች ያንኑ አሉ። ሰዓቱ ገፍቷል፤ ሁሉም ወደ ቤቱ መሄድ ነው የፈለገው።

«ሲስተር የትናየት» አሉ አቶ ተሰማ ከወረቀታቸው ላይ ቀና ብለው። «በሥራሽ እንከን የለብሽም፤ ይኼን ማንም ያውቃል። ነገር ግን ስብሰባ ላይ ዳንቴል ትሠሪያለሽ። ይኼ ደግሞ መድረኩን መናቅ ነው። ግለ ሂስሽን አድርጊና እንለፈው።»

የትናየት ተነሳች። ክሩ እጇ ላይ ነው፤ ለማስቀመጥም ለመደበቅም አልሞከረችም።

«አላጠፋሁም» አለች።

አዳራሹ ውስጥ የወረቀቱ መራገብ ቆመ። ሰው በግምገማ ላይ «በከፊል እቀበላለሁ» ይላል፤ «ወደፊት አየዋለሁ» ይላል። «አላጠፋሁም» የሚል ግን ከተሰማ ቆይቷል።

«እንዴት አላጠፋሁም ትያለሽ? ሰው እየተናገረ አንቺ ክር ትጎትቻለሽ!»

«እየሠራሁ ነው የምሰማው፣ አቶ ተሰማ። ባልሠራ ኖሮ እንደሌላው አንቀላፋ ነበር።»

«እሺ፤ እየሰማሽ ከሆነ ቅድም ምን አልኩ?»

«ሪፖርት እስከ ሃያ አምስት ድረስ ያላስገባ ክፍል በስሙ ይጠየቃል አሉ። የክትባት ማቀዝቀዣውን የሚሠራው ባለሙያ ከአዲስ አበባ ስለሚመጣ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዶ የሚቀበለው ሰው ይመደባል አሉ። ለጄኔሬተሩ ናፍጣ በሚቀጥለው ወር ይገባል አሉ።» ትንፋሽ ወሰደች። «በታኅሣሥም በሚቀጥለው ወር ይገባል ብለው ነበር።»

ሳቁ ከየት እንደጀመረ አልታወቀም፤ አዳራሹን ግን ሞላው። ኩን እንኳ አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። የትናየት ይህን ስትል ለማሳቅ አልነበረም። የጎዳትም ያ ሳቅ ነው፤ የአቶ ተሰማ ፊት እስከ ጆሯቸው ድረስ ቀላ።

«ለመሆኑ ለምንድነው የምትሠሪው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አስገዳጅ ምክንያት ካለሽ ለቤቱ ንገሪ።»

ከኋላዋ ግሬስ ጋዋኗን ሳብ አደረገቻት። «የእጅሽን ንገሪያቸው» አለች በሹክሹክታ። «እባክሽ ንገሪያቸው፤ ይተዉሻል።»

እውነቷን ነው፤ ይተዉአት ነበር። የትናየት ይህን በሚገባ ታውቃለች። ያቺን ወላድ አንስታ ስለ መንቀጥቀጡ ብትናገር አዳራሹ ወዲያው «አይዞሽ» ይላል፤ አቶ ተሰማም «ታዲያ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽንም?» ብለው ያልፉታል። ከነገ ጀምሮም ኪሮሹን ባወጣች ቁጥር ሰው ሁሉ የሚያየው ክሩን ሳይሆን በሽታዋን ይሆናል። አንድ ደስ የሚላት ነገር ቢኖራት፣ እሱንም ለቅሶ አልብሳ በሰው ፊት ልታቆመው ነው?

«ደስ ስለሚለኝ ነው» አለች።

«ምን?»

«ደስ ስለሚለኝ ነው የምሠራው። ሌላ ምክንያት የለኝም።» ይህን ብላ ተቀመጠች፤ የተቋረጠውንም ዙር ቀጠለች።

በሦስተኛው ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ደብዳቤው «መድረክን ባለማክበርና ግለ ሂስ ባለመቀበል» ይላል። ጸሐፊዋ መረከቢያው ላይ እንድትፈርም እስክሪብቶ ስትሰጣት፣ የትናየት ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችውና ከፊርማዋ በላይ «ደርሶኛል፤ አልተስማማሁበትም» ብላ በጉልህ ጻፈች። ጸሐፊዋ ወረቀቱንም እሷንም አየች።

«እንዲህ ተጽፎበት አያውቅም፣ ሲስተር።»

«እንግዲህ ዛሬ ተጻፈበት» አለችና ወደ ማዋለጃ ክፍሏ ሄደች። ሁለት ምጥ ላይ ያሉ ሴቶች ይጠብቋት ነበር።

በሳምንቱ አቶ ተሰማ ቢሯቸው አስጠሯት። በሩን ራሳቸው ዘጉና ከፊት ለፊቷ ተቀመጡ። የተቆጣ ሰው አይመስሉም፤ እንዲያውም የከበዳቸው ይመስላሉ።

«ነገሩን ሰምቻለሁ» አሉ። «ስለዚያች ወላድ፤ ስለ እጅሽም። ባውቅ ኖሮ ያን ሁሉ በሰው ፊት አልናገርሽም ነበር። ከሐኪም አንዲት ወረቀት አምጪልኝ፤ ለጤናዋ ያስፈልጋታል የምትል። ማስጠንቀቂያውን ከማህደርሽ አወጣዋለሁ። በግንቦት የአዲስ አበባው ሥልጠና አለ፤ አንቺ ነሽ ልትሄጂ የሚገባሽ። ማህደርሽ ንጹሕ ይሁን።»

ሥልጠናውን ትፈልገው ነበር። ካመለከተች ዓመት አልፏታል፤ ልቧ ላይ ያለ ጉዳይ ነው። እጆቿን አየቻቸው፤ ጭኗ ላይ ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

«ማን ነገረዎት?»

«የምታስብልሽ ሰው ናት።»

«ወረቀቱን አላመጣም፣ አቶ ተሰማ።»

«ለምን? እኔ እኮ ልረዳሽ ነው!»

«አውቃለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ታምሜ ነበር፤ እውነት ነው። አሁን ግን ደህና ነኝ። ለሕመሜ ፈቃድ የሚሰጠኝ ሰው፣ ለደህንነቴ ለምን ይነፍገኛል? ዳንቴሉ ሥራዬን ከበደለ ይቅጡኝ። ካልበደለ ግን ያለ ሐኪም ወረቀት ይተዉልኝ።»

አቶ ተሰማ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «አንቺ ሴት አስቸጋሪ ነሽ» አሉ።

«ይሆናል» አለች፤ ተነስታም ወጣች።

በቀጥታ የሄደችው ካርድ ክፍል ነው። ግሬስ በመስኮቱ በኩል ስታያት ገና ሳትናገር ገባት።

«አንቺን ላድን ብዬ ነው» አለች።

«እኔ መቼ ሰመጥኩ?»

«ማስጠንቀቂያ ወጣብሽ፤ ሥልጠና ይቀርብሻል። እኔ ዝም ብዬ እንዴት ልይ?»

«የኔን ነገር ለራሴ ተዪልኝ፣ ግሬስ። ያንን ያወቅሽው እኔ ስለነገርኩሽ አይደለም፤ አይተሽ ነው። ያየሽውን ልትይዢልኝ ይገባ ነበር።»

ሁለት ቀን አልተነጋገሩም። በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የትናየት ማንጎው ሥር ደርሳ ቆመች። ግሬስ ከሚላያዋ ላይ ቀና ሳትል አንሶላውን ሰብሰብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላት። የትናየት ተቀመጠች። የምሳ ሰዓቱ እስኪያልቅ ጎን ለጎን ሠሩ።

«ተሳስቻለሁ» አለች ግሬስ ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች።

«አንቺም ግለ ሂስ ጀመርሽ?» ስትላት ሁለቱም ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

ሥልጠናው በእርግጥም ቀረባት፤ ሌላ ሰው ተላከ። ዜናውን የሰማች ቀን የትናየት ቤቷ ገብታ አለቀሰች። ቁጭቱ እውነተኛ ቁጭት ነበር፤ ተቆጭታም ማልቀሷ አበሳጫት። በማግስቱ ከሥራ እንደወጣች ገበያ ወረደችና ባለሱቁ መደርደሪያ ላይ የነበረውን ጥቁር ሰማያዊና ብርቱካንማ ክር በሙሉ አነሳች። እስከዚያ ድረስ ከመዳፍ የማይበልጥ ነገር ነበር የምትሠራው። አሁን የጀመረችው የባለ ሁለት ሰው አልጋ ልብስ ነው፤ ከጠረጴዛ ሥር የማይገባ፣ ቦርሳ የማይይዘው፣ ከሩቅ የሚጮህ።

የሰኔ መጀመሪያ ሰኞ ስብሰባ ላይ ዝናብ ጥሎ አዳራሹ ቀዝቀዝ ብሎ ነበር። የትናየት በዚያን ቀን መስኮቱ ጥግ አልተቀመጠችም። መሃል ረድፍ ላይ ገባች፤ አልጋ ልብሱንም በጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ከጉልበቷ አልፎ ጎኗ ያለውን ባዶ ወንበር አለበሰው። አቶ ተሰማ ሲገቡ አዩት፤ ውሃ ተጎነጩ፤ አጀንዳውን ማንበብ ጀመሩ።

ንግግራቸው መሃል ላይ ሳሉ የብርቱካንማው ክር ጥቅል ከጭኗ ወደቀ። በሲሚንቶው ላይ እየተፈታ በወንበሮቹ መሃል ተንከባለለና እስከ ፊት ሄደ። የቆመው አቶ ተሰማ ጫማ አጠገብ ነው። ኩን ሊያነሳው ብድግ ሲል የትናየት በእጇ ምልክት አስቀመጠችው።

ተነሳች። ከመሃል ረድፉ ወጥታ፣ አንገቷን ሳትደፋ፣ በመተላለፊያው ፊት ድረስ ሄደች። አጎንብሳ ጥቅሉን አነሳች፤ የተፈታውንም እያጠነጠነች፣ ሳትቸኩል፣ ረድፍ በረድፍ ተመለሰች።

አቶ ተሰማ ንግግራቸውን አቋርጠው፣ እስክሪብቷቸውን እንደያዙ፣ እስክትቀመጥ ጠበቁ። ሁለተኛ ደብዳቤ አልጻፉባትም። የመጀመሪያውንም ከማህደሯ አላወጡትም፤ እስከ ዛሬም እዚያው አለ። የትናየት ወንበሯ ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች፤ ኪሮሹንም ወደ ሰማያዊው ዙር አስገባች።