ትንሽ አመም አድርጓታል

ይታየው ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ሲደርስ የመሐል ሜዳው አውቶቡስ ገና አጋማሹ ነበር የሞላው። ራሱን ተላጭቷል፤ ጥቁር ሸሚዝ ላይ ጥቁር ሹራብ ደርቧል። ረዳቱ ሙሉቀን፣ ድምፁ ከመኪናው ጥሩምባ የሚበልጥ ጎልማሳ፣ ልብሱን አየና ጩኸቱን አቋርጦ፣ «ነፍስ ይማር ወንድሜ። ግባ፣ መስኮቱ ጋ ተቀመጥ» አለው። ይታየው አንገቱን ነቅንቆ ገባ።

አዲስ አበባ ውስጥ የከተማውን ባቡር ሲነዳ ሰባት ዓመቱ ነው። ከቃሊቲ ወደ መሐል ከተማ፣ ከመሐል ከተማ ወደ ቃሊቲ፤ በቀን ስንቴ እንደሚመላለስ መቁጠር ከተወ ቆይቷል። በየፌርማታው ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይሳፈራል፣ በሩ ይዘጋል። እየሮጠ የመጣ ሰው በሩን ቢደበድብም አይከፈትለትም። ክፋት አይደለም፤ ከኋላ ሌላ ባቡር አለ። ባቡሩ ለአውቶቡስ፣ አውቶቡሱ ለሚኒባስ እያቀበለ ያን ሁሉ ሕዝብ ሲያደርስ ይውላል። እዚያ ያመለጠህን ሌላው ይተካዋል።

የተደወለለት ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነው። የመጨረሻ ምልልሱን ጨርሶ ቃሊቲ ሲወርድ ስልኩ ጮኸ። የእናቱ ታናሽ ወንድም ጋሼ ቅጣው ነበሩ።

«እንደምነህ ይታየው። ደኅና ነህ ልጄ?»

«ደኅና ነኝ ጋሼ። ምነው፣ በደኅና?»

«ደኅና ነው፣ ደኅና ነው። እትዬን ትንሽ አመም አድርጓታል። ብትመጣ ጥሩ ነው።»

«ምኗን አመማት? እስቲ ስልኩን ይስጡልኝ።»

ጋሼ ቅጣው ዝም አሉ። ነፋስ ሲነፍስ ብቻ ተሰማ። «አሁን እንኳ አይመችም። ብቻ አትደንግጥ፤ ና» አሉና መስመሩ ተቋረጠ።

ይታየው የመንዝ ልጅ ነው፤ ይህ ቃል ምን ተሸክሞ እንደሚመጣ ያውቃል። ሩቅ ላለ ሰው እናትህ ሞተች አይባልም። አመም አድርጓታል ይባላል፣ መንገድ ላይ ልቡ እንዳይሰበር። ሲደርስ ጎረቤት ቤት ያሳድሩታል፤ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች መጥተው ያረዱታል። ከሦስት ዓመት በፊት አባቱ የሞቱ ጊዜ የደወሉት እኚሁ ጋሼ ቅጣው ነበሩ፤ ያሉትም ይህንኑ ነው። ያኔ የሥራ ልብሱን ሳይቀይር መኪና ተኮናትሮ በረረ። ደርሶ ያገኘው የደረቀ የመቃብር አፈርና ዓይኑን ማየት የፈሩ ጎረቤቶች ነበር። ያን ሌሊት እያወቀ እንዳላወቀ ሆኖ የቀረበለትን በላ፤ እነሱም ማወቁን እያወቁ ብላ፣ ጠጣ አሉት።

ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት ስልኩን ኪሱ ሲከት፣ በእሱ ሐሳብ እናቱ ሞታለች፣ ተቀብራለችም። ለምን ይሮጣል?

እሁድ እንደ ወትሮው ባቡሩን ነዳ። ሰኞ ለአለቃው ሲነግረው አለቃው ደንግጦ፣ «ታዲያ እስካሁን ምን ትሠራለህ? ሂድ እንጂ» አለው። «ቀብሩ አልፏል። ነገ እሄዳለሁ» አለ። ሰኞን ጠጉሩን ሲላጭ፣ ጥቁር ሲገዛ፣ ከባልደረቦቹ «እግዜር ያጽናህ» ሲቀበል ዋለ። እውነቱን ለመናገር የፈራው ያንን ጎህ ነው። ማንም እስካላረዳው ድረስ እናቱ በግማሽ ያለች ይመስለው ነበር። ያችን ግማሽ ለሁለት ቀን አቆያት።

አውቶቡሱ ውስጥ ከጎኑ የተቀመጡት ጌታነሽ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ሆስፒታል ታይተው መድኃኒታቸውን በፌስታል ይዘው ወደ አገራቸው የሚመለሱ ናቸው። ጥቁር ልብሱን አዩና፣

«ማን ሞተብህ ልጄ?» አሉት።

«እናቴ።»

«ውይ። ነፍስ ይማር። የየት ሰው ነህ?»

«ከሞላሌ ወዲያ፣ አስታ ሜዳ። የወይዘሮ ወለተኪዳን ልጅ ነኝ።»

ሴትዮዋ ዞር ብለው አዩት። «የቷ ወለተኪዳን? ከሚካኤል በታች ያለችው? ባቡር የሚነዳ ልጅ ያላት?»

«አዎ።»

«መቼ ሞተች?»

«ቅዳሜ።»

ጌታነሽ የመድኃኒቱን ፌስታል ከጭናቸው አንስተው ወንበሩ ላይ አስቀመጡ። «ልጄ፣ እኔ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጠይቄያታለሁ። አጥሚት በማንኪያ ያቀመስኳት እኔ ነኝ። ‹ይታየው ደረሰ?› አለችኝ። ትናንት ጠዋት ስወጣም በደጃቸው ነው ያለፍኩት፤ ነበረች። ሞተች ያለህ ማን ነው?»

ማንም ሞተች አላለውም።

«ጋሼ ቅጣው ደወሉልኝ» አለ። «አመም አድርጓታል አሉኝ። ስልኩን ይስጡልኝ ስላቸው ዝም አሉ።»

«ከየት አምጥቶ ይስጥህ? ኔትወርክ ያለው ጉብታው ጫፍ ላይ ብቻ ነው። እሷ እታች ቤቷ ተኝታ እሱ እላይ...» አሉና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ነገሩ ገባቸው። ልብሱን አዩ፣ ራሱን አዩ። ከዚያ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብለው፣ «ይሄን ጥቁር አውልቀው። ነፍሷ ላልወጣ ሴት ጥቁር አይለበስም» አሉት።

ሹራቡን አውልቆ ከቦርሳው ያወጣውን ግራጫ ጃኬት ለበሰ፤ እስከ አንገቱም ቆለፈው። ጌታነሽ የተላጨ ራሱን አይተው፣ «እሱንስ ምን እናደርገዋለን» አሉ ለራሳቸው።

ይታየው ወርዶ ሾፌሩን ፈለገ። ፈንታ የሚባለው ሾፌር ከመኪናው አፍንጫ ሥር፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፤ ሙሉቀን አጠገቡ ቆሟል።

«ወንድሜ፣ እናቴ በጠና ታማለች። አሁን ብንነሳ?»

ፈንታ ቀና ብሎ አየው። «አሥራ አንድ ሰው ይጎድለኛል። ደግሞ ቅድም ስትገባ ሐዘንተኛ ነበርክ አሉኝ።»

«ተሳስቼ ነው። በሕይወት አለች።»

«እንዲህ ዓይነት ስሕተት እንኳ ሰምቼ አላውቅም። ሥራህ ምንድን ነው?»

«ባቡር እነዳለሁ። አዲስ አበባ።»

«እንግዲያው ሙያችን አንድ ነው። አንተ ሳይሞላልህ ትነሳለህ?»

«ሰዓቱ ሲደርስ እነሳለሁ። ባዶም ቢሆን።»

ሙሉቀን ሳቀ። «ሰማህ ፈንታ? ባዶውን ነው አሉ የሚሄደው። ናፍጣውስ?»

«በመብራት ነው የሚሄደው።»

«እኛ ደግሞ የምንሄደው በሰው ነው» አለ ሙሉቀን። «ሀዲድ ዘርጋልንና ባዷችንን እንሂድልህ።»

ጌታነሽ ከአውቶቡሱ በር ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር። «ፈንታ፣ ተው» አሉ። «የወለተኪዳን ልጅ ነው። ስትጣጣር ነው ትቻት የመጣሁት። የጎደለህን መንገድ ላይ ትጭናለህ።»

ፈንታ ሴትዮዋን አየ፤ ይታየውን አየ። የቀረውን ሻይ መሬት ላይ ደፍቶ ተነሳ። አሥራ አንዱ ወንበር ባዶ እንደሆነ አራት ሰዓት ሳይሞላ ወጡ።

ታርማበር ሲደርሱ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር። ፈንታ መብራት አብርቶ፣ ራሱን በመስኮት አውጥቶ፣ የገደሉን አፋፍ እያየ በእርምጃ ነዳ። ይታየው እግሩ ሳያውቀው ወለሉን ይረግጥ ነበር፤ እዚህ ግን የሚታዘዝለት ነገር የለም። መዘዞን አልፈው ጥቂት እንደሄዱ ደግሞ አጣና የጫነ የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ መንገዱን አግድም ዘግቶት አገኙ። ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። አካፋ አንድ ብቻ ነበር። የቀረው ሰው ድንጋይ ለቀመ፤ ይታየው በእጁ ጭቃ ሲዝቅ ጥፍሩ ሥር ደማ። ያ መኪና ተነቅሎ እስኪወጣ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ስድስት ሰዓት ያለፈው እዚያው ቆመው ነው። እሱ ባቡር ላይ ሦስት ደቂቃ ሲዘገይ በሬዲዮ ምን ሆንክ ይባላል።

ሞላሌ ሲገቡ ሙሉቀን እንደ ልማዱ፣ «ምሳ፤ ግማሽ ሰዓት» አለ።

ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ፣ «ምሳው ይቅር» አሉ። «የሰው እናት ታማ ወጥ ስናጣቅስ አንቀመጥም።»

«ይቅር» አለ ሌላው። የሚቃወም አልተገኘም። አንዲት ሴት ከስንቋ ቆሎ አውጥታ አደለች፤ ለይታየው በሁለት እጇ ሰጠችው። ኪሱ ከተተው።

ሙሉቀን በሩን ዘግቶ እየቆለፈ፣ «ለመሆኑ መታመሟን የሰማኸው መቼ ነው?» አለው።

«ቅዳሜ።»

«የዚህ ቅዳሜ? ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው።»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየው። ጌታነሽ መስኮት መስኮቱን እያዩ፣ «ሥራው አልለቀው ብሎ ነው» አሉ። ሙሉቀን ሌላ አልጠየቀም።

የአስታ ሜዳ መገንጠያ ላይ ሲወርዱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከዚያ አንድ ሰዓት የሚያስኬድ የእግር መንገድ አለ። «እኔ ጉልበቴ አያደርሰኝም፤ አንተ ሩጥ» አሉት ጌታነሽ። ፈንታ መኪናውን ከማስነሳቱ በፊት በመስኮት፣ «እግዜር ይማርልህ» አለው።

ሮጠ። ከተማ የኖረ ሳንባው ደጋውን አልቻለውም፤ እየቆመ፣ ጉልበቱን ይዞ እያለከለከ፣ እንደገና ሮጠ። የታጨደው የገብስ ማሳ ላይ በግ ይግጣል። ሁሉም ነገር በቦታው መሆኑ ተስፋ ሰጠው። ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ጋ ለመድረስ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ሦስት ሰዎች ከታች ሲወጡ አየ። ፊት ፊት የሚሄዱት ጎረቤታቸው አቶ ወልደ አማኑኤል ናቸው። ትከሻቸው ላይ ዶማ አለ፤ ሁለቱ አካፋ ይዘዋል።

ወልደ አማኑኤል ቆሙና የተላጨ ራሱን አዩ። ዶማውን አውርደው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ» አሉ። «እንዲህ በፍጥነት ማን ነገረህ? ያረፈችው እኮ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። እኛ ገና ጉድጓዱን ልንጀምር መሄዳችን ነው። ጠጉርህንም ተላጭተህ ደርሰሃል።»

ከኋላ ያለው ሰው ክንዳቸውን ጎሸም አደረገ። ወልደ አማኑኤል የይታየውን ፊት አዩ፤ ቀስ በቀስ የገዛ ፊታቸው ተለወጠ። ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ጎህ፣ መንገድ መሐል ቆመው መርዶ እንዳረዱ ገባቸው። «አልሰማህም ነበር?» አሉ።

ይታየው መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ሰዎቹም ዶማና አካፋቸውን ከኋላቸው ደብቀው አጠገቡ ተቀመጡ።

ቤት ሲያስገቡት እናቱ በነጭ ተገንዛ መደቡ ላይ ነበረች። ፊቷን ሊገልጡለት ሲሉ አይሆንም አለ፤ ከዚያ ራሱ ገለጠው። ከስታለች፤ ሌላ የተለወጠ ነገር አልነበራትም። ግንባሯን ሲስመው ገና ፈጽሞ አልቀዘቀዘም፤ ወይም የእሱ ከንፈር ቀዝቅዞ ኖሯል።

ታናሽ እህቱ ሸዋረጋ ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቶ ነበር። «እስከ ትናንት ማታ ትናገር ነበር» አለችው። «የአውቶቡስ ድምፅ ሰማሁ ባለች ቁጥር ወደ በር ታስወጣኛለች። ‹ኧረ እማ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ከዚህ አይሰማም› እላታለሁ። ‹ባቡር ነጂ ነው፤ እሱ አይዘገይም› ትለኛለች።»

ውጭ ዳሱ ሥር አስቀመጡት። ጋሼ ቅጣው መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። ሰባ አልፏቸዋል፤ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ።

«ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ» አሉ። «ጣዕረ ሞት ላይ መሆኗን እያየሁ ትንሽ አልኩህ። መንገድ ላይ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። ጠንቶባታል፣ ድረስ ብልህ ኖሮ ክንፍ አውጥተህ በመጣህ። የቃሌ ማነስ አዘናጋህ።»

ይታየው ሊናገር ዞረ። ቃልዎ አላነሰብኝም፤ በዝቶብኝ ነው፣ ሊላቸው ነበር። ይህን ከሰሙ ግን ሽማግሌው እስከ መቃብራቸው ይዘውት ይሄዳሉ። ዝም ያለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሌላው ሸዋረጋ ነበረች፤ ከፊቱ ቆማ መልሱን ትጠብቃለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው መንገድ ላይ ያለኸው?» አለችው።

«ከቅዳሜ።»

«ከቅዳሜ እስከ ዛሬ?»

«መኪና ጠፋ።»

ጋሼ ቅጣው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ዳሱ ሥር ያሉት ወንዶች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዱ፣ «ይሄ መንገድ ስንቱን ከእናቱ ለየው» አለ። ሌላው ወንድሙ ጋ ሳይደርስ የቀረበትን ክረምት አነሳ። ሦስተኛው ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ቀን ተራ እየጠበቀ መናኸሪያ በር ላይ ያደረበትን ተረከ።

ሸዋረጋ ገብታ በሳፋ ለብ ያለ ውኃ ይዛ ተመለሰች። ከፊቱ ተንበርክካ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረች።

«ተይው፣ እኔ እታጠባለሁ» አላት።

«ዝም በል። ሦስት ቀን የተንከራተተ እግር ነው።»

እግሩን ሊሰበስብ ሞከረ፤ ቁርጭምጭሚቱን ይዛ አልለቀቀችውም። ውኃውን እያፈሰሰች በመዳፏ ታሸው ጀመር፤ በየመካከሉ ትንሰቀሰቃለች።

«ታርማበር ላይ ጉም አላስቸገራችሁም?» ብለው ጠየቁት አንዱ ሽማግሌ።

«አስቸግሮናል» አለ ይታየው።

«ከመዘዞ ወዲያስ ጭቃው?»

«እሱም» አለ፤ የጠየቁትን ሁሉ አንድ በአንድ እየመለሰ እስኪመሽ እዚያው ተቀመጠ።